ሁለት ቋንቋ ማወቅ መተርጐም አይደለም

በመካኒሳ ዋና መንገድ ዳር የተደረደሩትን ትንንሽ የጽሕፈት ሱቆች ማስታወቂያ ያነበበ ሰው፣ «ፎቶ ኮፒ፣ የኮምፒዩተር ጽሕፈት፣ ላሚኔሽን፣ ትርጕም» የሚሉት ቃላት በአንድ ሰሌዳ ላይ ተከታትለው ተጽፈው ያገኛል። ባለ ሱቆቹን አንነቅፍም፤ እንጀራቸው ነውና፣ ደግሞም ለውጭ አገር ጕዞ የልደትና የጋብቻ ወረቀቱን ማስተርጐም ለሚያስፈልገው ሰው ሁሉ ደርሰውለታል። እኛን ያሳሰበን የቃላቱ ቅደም ተከተል ነው። ትርጕም ከፎቶ ኮፒና ከላሚኔሽን በታች መጻፉ፣ ባለ ሱቁ ሳያስበው የመሥሪያ ቤቶቻችንን አሳብ በትክክል ገልጦታል። ወረቀት በአንድ በኩል ይገባል፣ በሌላ በኩል ይወጣል፤ በመካከሉ ሰው መኖሩን የሚጠይቅ የለም።

የሰፈሩ ስም ራሱ እኮ ትርጕም የሚሻ ነው። መካኒሳ በአፋን ኦሮሞ የዛፍ ስም ነው፤ አማርኛ ተናጋሪው ያንኑ ዛፍ ብሳና ይለዋል። የታክሲው ረዳት «መካኒሳ! መካኒሳ!» እያለ ሲጣራ፣ ዛፍ እየጠራ መሆኑን የሚያውቅ ከተሳፋሪው መካከል ምን ያህል እንደሚሆን አንባቢ ይገምተው። እንግዲህ በሁለት ቋንቋ መካከል እየኖርን፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረንን ሰው ግን እንደ መሣሪያ መቍጠራችን ከየት የመጣ ልማድ ነው?

ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ለትርጕም ሥራ ራሱን የቻለ መደብ እንዲከፈት አሳብ በቀረበ ጊዜ፣ አንድ ኀላፊ «ለዚህ ደግሞ ምን መደብ ያስፈልገዋል? ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሁሉ ይተረጕማል» ብለው ነገሩን ዘጉት። በዚህ ጽሑፍ የምንከራከረው ከኚህ ሰው ጋራ ሳይሆን ከዚህች ቃል ጋራ ነው፤ ምክንያቱም ይህችው ቃል በብዙ ጽሕፈት ቤቶች ውስጥ ሳትጻፍ እንደ ደንብ ትሠራለችና። ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሁሉ ይተረጕማል ማለት፣ ሁለት እጅና ሁለት እግር ያለው ሁሉ ሸማኔ ነው እንደ ማለት ነው።

የመንግሥት ሠራተኞች የሆንን ሁሉ ነገሩ እንዴት እንደሚፈጸም አሳምረን እናውቃለን። ደብዳቤው ወይም የስምምነቱ ረቂቅ ከቀኑ በዐሥር ሰዓት ይደርሳል፤ በኅዳጉም ላይ «ለነገ ጧት ይድረስ» ተብሎ ተመርቷል። የሚመራለት ሰው የሒሳብ ረዳት ወይም የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፤ የተመረጠበትም ምክንያት በትምህርት ቤት ሳለ እንግሊዝኛ ይችል ነበር መባሉ ብቻ ነው። የሥራ ዝርዝሩን አውጥቶ ቢያነብ ስለ ትርጕም የተጻፈ አንድም ነገር አያገኝም፤ ከታች በኩል ግን «ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎችን ያከናውናል» የምትል መስመር አለች፤ የአገሪቱም የውጭ ግንኙነት ጽሑፍ በዚህች መስመር ተጐትቶ ያልፋል። በመጨረሻም የተተረጐመውን ከዋናው ጋራ አስተያይቶ የሚያርም ስለማይኖር፣ ፊርማና ማኅተም ያረፈበት ሁሉ ትክክል ነው ተብሎ ይወሰዳል።

ስሙን መጥራት በማንፈልገው በአንድ መሥሪያ ቤት «ይችላል» መባል የነበረበት ግሥ «አለበት» ተብሎ በመመሪያ ውስጥ ገብቶ፣ ባለ ጕዳዮች የማይጠየቁትን ማስረጃ ሲያመላልሱ ከርመዋል። ስሕተቱ በታወቀ ጊዜ ወዲያው የተፈለገው ተርጓሚው ነበር። ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት ሙሉ ሥራው በደህና ሲወጣ ግን ስሙን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

«ይችላል» እና «አለበት» በዚች አገር ታሪክ ውስጥ ትንሽ ነገር አይደሉም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17፣ የአማርኛው ቃል የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋራ ለሚኖራቸው ጕዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አማካይነት መጠቀም እንደሚቻላቸው ሲናገር፣ የኢጣሊያንኛው ግን ነገሩን ግዴታ አደረገው። ከዚያ የተነሣው ጠብ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ተፈጸመ። ይህን ታሪክ በየዓመቱ እናነሣዋለን፤ ዳሩ ግን ከርሱ የወሰድነው ትምህርት ስለ ቅኝ ገዥ ተንኰል ብቻ ነው። የትርጕም ሥራ እንደ ጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ሊጠበቅ የሚገባው የመንግሥት ሥራ መሆኑን አልተማርንበትም።

ደግሞ ወደ ሕጋችን እንምጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቁ በፈረንሳይኛ የተዘጋጀ ሲሆን፣ አዘጋጁ ፕሮፌሰር ረኔ ዳዊድ መሆናቸውን የሕግ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። እነዚያን 3367 አንቀጾች፣ ለአማርኛ እንግዳ ለነበረው አሳብ ሁሉ ቃል እየፈለጉለት በአማርኛ ያቆሙትን ሰዎች ስም ግን ስንቱ ይናገራል? ዛሬ ጠበቃውም ዳኛውም ውልና ኀላፊነት፣ ይዞታና ባለቤትነት እያለ ሲከራከር የሚናገረው ከእነርሱ እጅ በወጣ ቋንቋ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 106 የአማርኛው ቅጂ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው መሆኑን ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 20 ንኡስ አንቀጽ 7 ደግሞ ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲመደብለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። መብቱ ታላቅ ነው። ነገር ግን የሰው ነጻነት የተንጠለጠለበት አስተርጓሚ በምን ተመዘነ፣ ማን አስተማረው ብሎ የሚጠይቅ ካልተገኘ፣ መብቱ የወረቀት ላይ መብት ሆኖ ይቀራል።

ይህ ሥራ በሌላ አገር እንዴት እንደ ተያዘ እንመልከት። የምሳሌያችን አገር ፊንላንድ ናት፤ ስሟም ለመካኒሳ እንግዳ አይደለም፤ በዚሁ ሰፈር ሴሚናሪ ያላት የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ከፊንላንድ ሉተራን ሚሲዮን ጋራ ለረጅም ዓመታት አብራ ሠርታለችና። ፊንላንድ የሕዝቧ ቍጥር 5 ሚሊዮን ተኩል ገደማ የሆነ፣ ፊንላንድኛና ስዊድንኛ ሁለቱም ብሔራዊ ቋንቋዎች የሆኑባት አገር ናት። የጽሑፍ ቋንቋዋ መሠረት የተጣለው በትርጕም ነው፤ ሚካኤል አግሪኮላ አዲስ ኪዳንን በፊንላንድኛ ያሳተመው በፈረንጅ አቈጣጠር በ1548 ነበር። ይህች አገር በ1960ዎቹ የተርጓሚዎች ማሠልጠኛ ተቋሞችን ከፈተች፤ በ1981 ደግሞ ተቋሞቹን ወደ ዩኒቨርሲቲዎቿ አስገባች። ከዚያ ወዲያ ትርጕም እንደ ሕግና እንደ ሕክምና ዲግሪ የሚሰጥበትና ፕሮፌሰር የሚሾምበት ትምህርት ሆነ። ዩስታ ሆልትስ ማንተሪ የተባሉት በዚያው አገር ያስተማሩ ሊቅ በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ተርጓሚ ቃል ለዋጭ ሳይሆን በአስተርጓሚው ደንበኛና በአንባቢው መካከል ቆሞ ሥራውን የሚያቅድ ባለ ሙያ ነው ብለው ተከራክረዋል።

ከሁሉ ይልቅ ለክርክራችን የሚጠቅመው ግን የፕሮፌሰር ካይሳ ኮስኪነን የትምህርትና የሥራ ታሪክ ነው። ኮስኪነን ስለ ትርጕም ከመጻፋቸው ባሻገር ራሳቸው በሉክሰምበርግ በአውሮፓ ኮሚሽን በተርጓሚነት ሠርተዋል። ፊንላንድ በ1995 ወደ አውሮፓ ኅብረት በገባች ጊዜ ፊንላንድኛ ከኅብረቱ ይፋ ቋንቋዎች አንዱ ስለ ሆነ፣ የኅብረቱ ደንብና ደብዳቤ በዚያ ቋንቋ መውጣት ነበረበት። በ2000 በታምፔሬ ዩኒቨርሲቲ ስለ ትርጕም ሥነ ምግባር በጻፉት ጥናት የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ። ከዚያም ወደ ቀድሞው የሥራ ቦታቸው በተመራማሪነት ተመልሰው፣ እዚያ ያሉትን የፊንላንድኛ ተርጓሚዎች ጠየቁ፤ አንድ ወረቀት ከረቂቅ ወደ ረቂቅ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ምን ምን እንደሚለወጥ ተከታተሉ፤ ከአገሩ ርቆ የሚኖር ተርጓሚ ለማን እንደሚጽፍ፣ ራሱንስ የማን ወገን አድርጎ እንደሚቈጥር መረመሩ። ይህ ሁሉ በ2008 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። በ2020 ደግሞ ስሜት በትርጕም ሥራ ውስጥ ስላለው ስፍራ ሌላ መጽሐፍ አሳተሙ። በምሥራቅ ፊንላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ኋላም በታምፔሬ የትርጕም ጥናት ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ።

አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልን እንለምናለን። ኚህ ሴት ወደ ጽሕፈት ቤት ተመልሰው የመረመሩት የታላላቅ ባለ ቅኔዎችን ድርሰት የሚመልስ የተከበረ ጸሓፊን አልነበረም። የመረመሩት የመሥሪያ ቤት ተርጓሚን ነው፤ ስሙ የማይጻፈውን፣ ሥራው በሌላ ሰው ፊርማ የሚወጣውን፣ ማለት በዐሥር ሰዓት ወረቀት የሚመራለትን። ያ ሰው የዩኒቨርሲቲ ጥናት የሚገባው ሆኖ ተገኘ። ከተርጓሚ ጠረጴዛ እስከ ፕሮፌሰር ወንበር የሚያደርስ መሰላል በዚያ አገር ተሠርቷል፤ በአገራችን መሥሪያ ቤት ያለ ተርጓሚ ግን ወደ ላይ ቀና ቢል የሚያየው የሚቀጥለውን ወረቀት ነው።

«ይህ የፈረንጅ ምቾት ነው፤ ለኛ አይሆንም» የሚል ሰው ይኖራል። እንግዲህ የአገራችንን ታሪክ የማያውቅ ሰው እንደዚህ ይላል! ወንበር የሚለው ቃል ራሱ ለኛ ከፈረንጅ የመጣ ነውን? በአብያተ ክርስቲያናት ትምህርት ቤቶቻችን መጻሕፍትን የሚተረጕም መምህር ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል፤ ጉባኤውም ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኰሳት ተብሎ በአራት ተከፍሎ የታወቀ ነው፤ አራቱንም ጨርሶ የሚያስተምር ሰው የአራቱ ጉባኤያት መምህር ተብሎ ይከበራል። መምህሩ የግእዙን ቃል በአማርኛ ከፈታ በኋላ «አንድም» እያለ ሌላውን ፍች ያመጣል፤ ተማሪውም የትኛው ፍች ለምን እንደ ተመረጠ እስኪገባው ድረስ ዓመታት ይቈያል። ይህ የትርጕም ጥናት ካልሆነ የትርጕም ጥናት ምንድን ነው? እኛ ፊንላንድ ከማሰቧ በፊት የነበረንን ወንበር፣ ዘመናዊ መሥሪያ ቤት ስናቋቁም በውጭ አስቀርተን ገባን።

ከዚያ ወንበር ስር የወጣውን ሥራ ደግሞ እንመልከት። አለቃ ክፍለ ጊዮርጊስ የግእዝን መዝገበ ቃላት ጀመሩ፤ ሳይፈጽሙት ስለ ቀሩ ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አደራ ሰጡ፤ እርሳቸውም ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርተው፣ ሳይታተም ሲያርፉ ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ተዉት፤ በ1948 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። ሦስት ሰው፣ አንድ መጽሐፍ። ዛሬ ከግእዝ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ሁሉ ይህን መጽሐፍ ሳይገልጥ አንድ ገጽ አይሄድም።

ከእነርሱ አስቀድሞ ደግሞ አቡ ሩሚ በመባል የሚታወቀው የጎጃሙ ሰው አብርሃም ነበረ። በፈረንጅ አቈጣጠር ከ1808 ገደማ ጀምሮ በካይሮ ከፈረንሳይ ቆንስል ከአስላን ደ ሸርቪል ጋራ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ በር ዘግተው እየተቀመጡ ዐሥር ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስን በአማርኛ መለሰ። የሥራው ጽሑፍ 9539 ገጽ ነበር። በ1820 የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1250 ፓውንድ ገዛው፤ ገንዘቡ ግን ለአብርሃም አልደረሰም፤ እርሱ አስቀድሞ በካይሮ በወረርሽኝ ሞቷልና። ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ሲታተም ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል።

ስለ አስቴር ጋኖም እንናገር፤ ምክንያቱም በዚህ ጕዳይ እጅግ የተበደለች እርሷ ናትና። ከባርነት ነጻ ወጥታ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ የተማረችው ይህች ሴት፣ የአፋን ኦሮሞን ቃላት እየለቀመች፣ ተረቱንና ዘፈኑን እየጻፈች ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋራ በትርጕም ሥራ ደከመች። በ1899 የታተመው የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስ ሲነሣ የሚጠራው የኦነሲሞስ ስም ነው፤ ይገባዋልም፤ የአስቴር ስም ግን ለብዙ ዘመን ተዘንግቶ ኖረ። ያለ እርሷ የቃላት ሀብት ያ መጽሐፍ የሕዝቡ ቋንቋ መዓዛ አይኖረውም ነበር ብሎ ማሰብ ከእውነት የራቀ አይመስለንም።

በዘመናችን ደግሞ ሁለቱን ወንበሮች፣ የአብነቱንና የዩኒቨርሲቲውን፣ አንድ ያደረጉ ሰው ነበሩን። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኀይሌ ከሸንኮራ ተነሥተው፣ በካይሮ ተምረው፣ በጀርመን አገር በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1962 ዶክተር ሆነው፣ ተመልሰው በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1968 ዓ.ም. መጀመሪያ የደርግ ወታደሮች በቤታቸው ተኵሰው ስላቈሰሏቸው ከዚያ ወዲህ በእግራቸው መሄድ አልቻሉም። ወደ አሜሪካ ተሻግረው በሚኒሶታ በኮሌጅቪል የብራና መጻሕፍታችንን ማይክሮፊልም እያነበቡ ካታሎግ አዘጋጁ፤ ከግእዝ ወደ እንግሊዝኛና ወደ አማርኛ መለሱ። የውጭው ዓለም በ1988 የማክአርተርን ሽልማት ሰጣቸው። በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስም ከሥራቸው አልተለዩም። ከዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ የተሰደዱትን የደቂቀ እስጢፋኖስን መነኰሳት ታሪክ ግእዝ የማያውቀው የኢትዮጵያ አንባቢ በአማርኛ ያነበበው በእርሳቸው ብዕር ነው፤ ያም መጽሐፍ የታተመው በዚያው በኮሌጅቪል ነው። የኢትዮጵያ መነኰሳት ታሪክ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች በአማርኛ ተተርጕሞ በአሜሪካ መታተሙን ያነበበ የትምህርት ባለ ሥልጣን፣ ሊኰራ ይገባዋልን ወይስ ሊያፍር? እኛ ሁለቱም ይገባዋል እንላለን።

አሁን ደግሞ በየስብሰባው የሚነሣ አዲስ ክርክር አለ፤ «መኪናው ይተረጕመዋል» የሚል። የጉግል መተርጐሚያ አማርኛን በፈረንጅ አቈጣጠር በ2016፣ አፋን ኦሮሞንና ትግርኛን በ2022 አስገብቷል። ይህ መልካም ነው፤ እኛም እንጠቀምበታለን። ዳሩ ግን መኪናው የሚማረው አስቀድሞ በሰው ከተተረጐመ ጽሑፍ መሆኑ ይዘነጋል። ተርጓሚውን አዋርደን የተበላሸ ትርጕም ካከማቸን፣ መኪናው የሚመልስልን ያንኑ ብልሽት ነው፤ ልዩነቱ በፍጥነት መምጣቱ ብቻ ነው። «ይችላል» እና «አለበት» ሲምታቱም መኪናው ፍርድ ቤት ቀርቦ አይጠየቅም።

ደግሞ ገንዘብ የለም ይባላል። እንቍጠረው። በ2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ ከአማርኛ ጋራ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ የፌዴራል መንግሥት የሥራ ቋንቋዎች እንዲሆኑ አስቧል። ከአምስቱ እያንዳንዱ ወደ አራቱ ሲተረጐም ሃያ አቅጣጫ ይሆናል። ለእነዚህ ለሃያው አቅጣጫዎች ሰው የሚገኘው ከየት ነው? «ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎችን ያከናውናል» ከምትለው መስመር ነውን? የጸረ ተባይ መድኀኒት ጣሳ ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ ገበሬው በቋንቋው ሳያነብ ሲቀር፣ ሐኪሙና በሽተኛው በዘበኛ ወይም በሕፃን ልጅ አፍ ሲነጋገሩ የሚደርሰው ጕዳት ወጪ አይደለምን? ይህ ወጪ በማንም በጀት ላይ አለመጻፉ አለመከፈሉን አያሳይም፤ የሚከፍለው ድኻው ነው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ትርጕም ራሱን የቻለ የሥራ መደብ ይኑረው፤ ደረጃና ዕድገት ይኑረው፤ የተተረጐመውንም ከዋናው ጋራ የሚያስተያይ ሁለተኛ ሰው ይመደብ። በአስቸኳይ የሚፈለግ ወረቀት ቢኖር እንኳ ያለ አራሚ አይውጣ። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም አንድ መምህር ከባድ መጽሐፍ በጥንቃቄ ተርጕሞ፣ መቅድምና ማብራሪያ ጽፎለት ሲያወጣ፣ ሥራውን ለማዕርግ ዕድገት እንደ ሌላው ጥናት ይቍጠሩለት፤ የአብነት መምህራንም የአንድምታን ጥበብ ለዘመናዊው ተማሪ እንዲያስተምሩ በእንግድነት ሳይሆን በመምህርነት ይጋበዙ። ለፍርድ ቤት አስተርጓሚዎች ፈተናና መሐላ ይደንገግ። አዲስ ቃል በአንድ መሥሪያ ቤት ሲፈጠር ሌላው መሥሪያ ቤት ለዚያው ነገር ሌላ ቃል እንዳይፈጥር፣ ቃላቱ የሚመዘገቡበት አንድ መዝገብ ይከፈት። ይህ የመጨረሻው ሥራ ወረቀትና ትጉህ ሰው ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ነገ ሊጀመር ይችላል።

የዚህን መጽሔት አዘጋጆችም አንድ ነገር እንለምናለን። ከሚመጣው ወር ዕትም ጀምሮ ከባዕድ ቋንቋ ተመልሶ የሚወጣ ድርሰት ሁሉ፣ የተርጓሚው ስም ከደራሲው ስም ቀጥሎ፣ በዚያው ፊደል መጠን ይታተም።